የጥድ ጠረጴዛና የሴራሚክ ገበታ፤ ከሰሜን አውሮፓ እስከ ካዛንቺስ

በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር ሜዳ አይደለም፤ ስለ ጠረጴዛ፣ ስለ ወንበርና በእሳት ስለ በሰለ የሸክላ ንጣፍ ነው። ይህን የሰማ ሰው «እንዲህ ያለው ነገር ከታሪክ ይቈጠራልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከቀኑ የሚበዛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ስለ ሆነ፣ የተቀመጠበት ዕቃ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ሠራው ቢያውቅ አይጐዳውም። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባ እምብርት ያለው፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚቈጠረው የካዛንቺስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከመንግሥት ሠራተኛ መኖሪያ ቤት ስለ ሆነ፣ ነገሩ የራሳችን ነገር ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ጥቂት ወደ ሰሜን አውሮፓ መሻገር ያስፈልገናል።

በዴንማርክ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይሠራ የነበረ አንድ ዓይነት ጠረጴዛ አለ። እግሩና ክፈፉ እንጨት ነው፤ ገበታው ግን አራት ማዕዘን በሆኑ፣ በቀለም ባጌጡ የሴራሚክ ንጣፎች የተሸፈነ ነው። ቁመቱ ዝቅ ያለ ሆኖ ከሶፋ ፊት ይቀመጣል፤ ቅርጹም ቀጥተኛና ጭፍጫፊ የሌለበት፣ እንደ ድሮው የመኳንንት ዕቃ በቅርጻ ቅርጽና በወርቅ ቅብ ያልተጫነ ነው። ዛሬ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች እየፈለጉ ይገዙታል። ሲሠራ ግን ዓላማው ለሰብሳቢዎች አልነበረም፤ ትኵስ ማሰሮና እርጥብ ብርጭቆ ሳይሳቀቁ የሚያስቀምጡበት የዘወትር ጠረጴዛ ነበር።

የእነዚህ አገሮች ዋና ሀብት ደን ነው። በእንግሊዝኛ «ፓይን» የሚባለው ዛፍ በስዊድንና በፊንላንድ ምድርን አልብሶ ይበቅላል። እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ለመጋዝ የማያስቸግር ነው፤ ጉጥ ይበዛበታል፤ እያደርም ወደ ማር ቀለም ይለወጣል። ጉድለቱ ለስላሳነቱ ነው፤ ጥፍር እንኳ ምልክት ይተውበታል፤ ትኵስ ነገር ሲያርፍበትም ክብ ጠባሳ ይይዛል። እንግዲህ የሴራሚኩ ንጣፍ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ለስላሳው እንጨት የማይችለውን ሙቀትና እርጥበት በእሳት ያለፈው ሸክላ ይችልለታል።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ይገባል። እኛ ፓይንን «ጥድ» እያልን መተርጐም ለምደናል፤ ይሁን እንጂ ያገራችን ጥድ ሌላ ዛፍ ነው። በየደብሩ ዙሪያ የምናየው ጥድ እንጨቱ ቀላ ያለ፣ መዓዛው የሚያውድ፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው ነው፤ ስለዚህም አባቶቻችን ለቤት ምሰሶና ለአጥር መርጠውታል። እውነተኛው ፓይን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በችግኝ ነው። «የፈረንጅ ጥድ» የሚባለውም ቢሆን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዛፍ ነው። ያገራችን አናጢ ለቤት ዕቃ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ጥድን ሳይሆን ዋንዛን ነው፤ ለመፋቅ ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም፣ ቀለሙም ያምራል። ከዋንዛ ቀጥሎ ዝግባና ቀረሮ ይጠቀሳሉ። በዚህ ንግግር «የጥድ ጠረጴዛ» ስንል እንግዲህ የሰሜኑን ዛፍ ማለታችን ነው።

እንጨትና የሸክላ ንጣፍ በሰሜኑ ቤት ውስጥ ጐረቤት የሆኑት በጠረጴዛው አልነበረም፤ ቀድሞ በምድጃው ነው። በስዊድን የክረምቱ ብርድ ብርቱ ስለ ሆነ ሕዝቡ ለማገዶ ደኑን እየጨረሰ መንግሥትን አሳሰበ። እ.ኤ.አ. በ1767 ካርል ዮሐን ክሮንስቴድትና ፋቢያን ቭሬዴ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ማገዶ የሚቈጥብ ምድጃ አወጡ። ጭሱ በቀጥታ ወደ ሰማይ እንዳይወጣ በመጠማዘዣ መንገድ እየወጣና እየወረደ ሙቀቱን ለግንቡ እንዲተው አደረጉ፤ ግንቡም በውጭ በኩል ሴራሚክ ለበሰ። እንዲህ ያለው ምድጃ ጥቂት ማገዶ በልቶ ለብዙ ሰዓት ቤቱን ያሞቃል። ስለዚህ የሰሜን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ከእንጨት ወለል አጠገብ እያየ ነው ያደገው።

ሃያኛው ምእት ዓመት ሲገባ አንድ አዲስ አሳብ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1919 ግሬጎር ፓውልሶን የሚባል ስዊድናዊ ምሁር የዘወትር ዕቃ ይበልጥ ያማረ እንዲሆን የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ። አሳቡ በአጭሩ ውበት የባለጠጋ ርስት ብቻ መሆን የለበትም፤ ለሠራተኛው የሚሸጠው ሳሕንና ወንበርም በጥንቃቄ ይታሰብበት የሚል ነበር። በዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ1924 ኮፐንሃገን ባለው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ኮረ ክሊንት የቤት ዕቃ ትምህርት አቋቋመ። ክሊንት ተማሪዎቹን የሰውን ልጅ ቁመና እንዲለኩ ያደርግ ነበር፤ ሸሚዝና ማንኪያ ሳይቀር እየተለካ የመሳቢያው ስፋት በዚያ ይወሰን ነበር። ከእርሱ ተማሪዎች አንዱ ቦርገ ሞገንሰን እ.ኤ.አ. በ1942 የዴንማርክ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቤት ዕቃ ክፍል ኀላፊ ሆነ፤ በ1947ም «የሕዝብ ወንበር» የሚል ቅጽል ያገኘውን፣ መቀመጫው በገመድ የተጠለፈውን ቀላል ወንበር ነደፈ። ይህ ወንበር ዛሬም ይሠራል። መጠለፉን ያየ ኢትዮጵያዊ የጠፍር አልጋ ትዝ ቢለው የሚያስደንቅ አይደለም፤ እንጨትን ክፈፍ አድርጎ መካከሉን መጥለፍ ለእኛም የቈየ ጥበብ ነውና።

ጥድ በሰሜኑ ሳሎን ውስጥ ሞገስ ያገኘው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው ቲክ ነበር የተወደደው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ነጣ ያለው ያገር ቤት ጥድ ተመልሶ ተፈለገ። የሴራሚክ ገበታ ያለው ጠረጴዛም የበዛው በዚያው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 የተመሠረተው የኮፐንሃገን የንጉሣዊ ሸክላ ፋብሪካ ራሱ ለጠረጴዛ የሚሆን ንጣፍ ያወጣ ነበር፤ ቀለሙም አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ቀለም፣ ቡኒ፣ ብርቱካናማ ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ነበር።

ለእኛ ንግግር ግን ከቀለሙ ይልቅ የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። የዴንማርክን ጠረጴዛ ገልብጠን ከሥሩ ብናይ ብዙ ጊዜ ማኅተም እናገኝበታለን፤ የፋብሪካው ስም፣ አንዳንዴም የነዳፊው ስምና የዴንማርክ ዕቃ ሠሪዎች የጥራት ቁጥጥር ምልክት ይገኝበታል። ንጣፉም ላይ የቀቢው ምልክት አይጠፋም። ዕቃው ሃምሳና ስድሳ ዓመት ቈይቶ ታሪክ የሆነው በማማሩ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደ ሠራው ስለ ተጻፈበት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እንጨትንና ሸክላን አጠገብ ለአጠገብ ማኖር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሸክላ ጀበና በማቶት ላይ፣ ሲኒዎቹ በእንጨት ረከቦት ላይ ሲደረደሩ ነገሩ ከዴንማርኩ ጠረጴዛ ብዙ አይርቅም፤ ጉዳዩ ያው ትኵስ ነገርን ቦታ መስጠት ነው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማም በቅርጹ ጥራት ከየትኛውም አገር ዘመናዊ ዕቃ ጋር ቢቀመጥ የሚያፍር አይመስለኝም። ነገር ግን የበርጩማው ጠራቢ ስም የለም፤ የጀበናዋም ሠሪ ስም የለም። ምክንያቱም ይታወቃል። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በድሮው ኅብረተሰብ የተናቁ፣ በክፉ ስም የሚጠሩ ነበሩ፤ አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠሪን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስለዚህ ነው። በሚሰደብበት ሥራ ላይ ስሙን የሚጽፍ ሰው ከየት ይገኛል?

ዘመናዊው የቤት ዕቃ ወደ አዲስ አበባ የገባው በብዛት በጣልያን በኩል ነው፤ የካዛንቺስም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣልያኖች ለራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሆን በዚህ አካባቢ ቤቶች ሠሩ። ሥራውን ያካሄደው የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ተቋም በአጽሕሮት «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበረ፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለት የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ፤ የአዲስ አበባም ሰው አፉ እንደ ተመቸው «ካዛንቺስ» አለው። ያን ጊዜ ኢትዮጵያዊው በዚያ ሰፈር እንዲኖር አልታሰበለትም ነበር፤ የከተማው እቅድ ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ ነበርና። ከነፃነት በኋላ ግን ሰፈሩ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ሆነ፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

ከስሙም ጋር የዕቃው ስም አብሮ ቀረ። ሳናስተውለው የምንናገረውን እንመርምር፤ ከአልጋው ራስጌ ያለችው ሣጥን ኮመዲኖ፣ የእንጨቱ ሉህ ጣውላ፣ የተደራረበው ስስ ሉህ ኮምፔንሳቶ፣ ማጣበቂያው ኮላ፣ መታጠቢያው ክፍል ባኞ ቤት ነው። እነዚህ ሁሉ የጣልያንኛ ቃላት ናቸው፤ ዛሬ ግን ፈጽመው አማርኛ ሆነዋል። ኢትዮጵያዊው አናጢም የዕቃውን ቅርጽ ከጣልያኑ ወስዶ በዋንዛና በዝግባ ሠራው። በየሳሎኑ የምናውቀው ቡፌ፣ መስተዋት ያለው ቁም ሣጥንና እግሩ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄደው ጠረጴዛ እንዲህ ተወለዱ።

ከሰሜን የመጣ ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን የግንባታ ቴክኖሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1961ም በዩኒቨርስቲው ሥር ገባ። ቦታው ልደታ እንጂ ካዛንቺስ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ የወጡት መሐንዲሶች በመላው ከተማ፣ በመላው አገርም ሠርተዋል። ስዊድናውያን መምህራን ያመጡት ጠረጴዛ ሳይሆን አስተሳሰብ ነው ብንል ይሻላል፤ ያገርን ዕቃ መርምሮና ፈትኖ በዝቅተኛ ዋጋ ለብዙ ሰው መሥራት የሚለው የፓውልሶን አሳብ ቅርንጫፍ ነበር።

ካዛንቺስን በእንጨትና በሴራሚክ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያደረገው ግን ሌላ ሕንጻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ፤ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም ለኮሚሽኑ የሚሆን አዳራሽ እንዲሠራ አዘዙ። ንድፉ ለጣልያናዊው አርክቴክት ለአርቱሮ መዜዲሚ ተሰጠ። ሥራው በ18 ወር ገደማ አልቆ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ይኸው መዜዲሚ በኋላ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት ነድፏል።

የአፍሪካ አዳራሽ ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ነው፤ ሦስት ክፍል ያለውና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ሥራ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልና የወደፊት ተስፋ ያሳያል፤ መታወሱም ይገባዋል። እኛ ግን ዛሬ ዐይናችንን ወደ ውጭው ግድግዳ እናንሣ። ሕንጻው የለበሰው በቡኒ፣ በብርቱካናማና በነጣ ቀለም የተሠሩ ትንንሽ የሴራሚክ ንጣፎችን ነው። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ጨርቅ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን እያንዳንዷ ንጣፍ ለብቻዋ ትታያለች። እነዚህ ቀለሞች በዚያው ዘመን በሰሜን አውሮፓ ጠረጴዛዎች ላይ ከነበሩት ጋር ዘመድ ናቸው። መዜዲሚ ከዴንማርክ ቀዳ ማለታችን አይደለም፤ እርሱ የተማረው የጣልያንን ጥበብ ነው። ዘመኑ ራሱ የመሬትን ቀለምና ቀጥተኛውን መሥመር የወደደ ነበርና፣ ያንዱ ዘመን ልጆች መልካቸው ተመሳሰለ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። የተፈረመውን ወረቀት ታሪክ ጸሓፊዎች ሁሉ ያነሡታል፤ ወረቀቱ ያረፈበትን ጠረጴዛ የሚያነሣ ግን ብዙ የለም።

ሕንጻም እንደ ሰው ያረጃል። በአዲስ አበባ ደጋ የቀኑ ፀሓይ ግድግዳውን ያግለዋል፣ የሌሊቱ ብርድ ያቀዘቅዘዋል፤ ግንቡና ንጣፉ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኰማተሩ ማጣበቂያው ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ የክረምት ውሃ በስንጥቁ ይገባል፤ ንጣፉም መርገፍ ይጀምራል። አንዱ ሲረግፍ የተገኘው ሌላ ቀለም ይለጠፍበታል፤ ግድግዳውም ከጊዜ በኋላ እንደ ተጣፈ ሱሪ ይሆናል። ይህን በየመሥሪያ ቤታችን መጸዳጃ ቤት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለአፍሪካ አዳራሽ ግን ሌላ መንገድ ተመረጠለት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ እስከ 56.9 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቀደ። ንጣፉን እንደ ተገኘ ከመጣፍ ይልቅ ከመጀመሪያው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ እንደ አዲስ ተሠራ፤ የተተካው ቍጥር 13 ሚሊዮን ነው። በአንድ ደቂቃ አሥር ንጣፍ የሚለጥፍ አንድ ሠራተኛ ቢኖርና በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢሠራ፣ ሥራውን ለመጨረስ ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከመጀመሪያው ዘመን የቈዩት የቤት ዕቃዎችም እንደ አሮጌ እንጨት ወደ መጋዘን አልተወረወሩም፤ ታድሰው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርሶች ፈንድ ለዘመናዊ ሕንጻዎች ጥበቃ የሚሰጠው ሽልማት ተሰጠ፤ አዳራሹም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ።

አሁን አድማጮቻችን ሁለት ነገሮችን ጐን ለጐን እንዲያዩልን እንለምናለን። አዳራሹ በተከፈተበት በዚያው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ በቀበሌ ይተዳደሩ የነበሩ፣ ጥገና ያጡና የተጣበቡ ነበሩ፤ በዝናብ ጊዜ የሚያፈስ ጣራ ሥር ለኖረ ሰው ስለ ቅርስ መስበክ አይቻልም። ሰፊ መንገድና ጤናማ ቤት መፈለጉም ተገቢ ነው። የእኛ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው። በየቤቱ የነበረው የዋንዛ ቡፌ፣ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ ያለ ምስማር የቆመው ወንበር፣ የበረንዳው ያበበ ንጣፍ ምን ሆነ? ጥቂቱ ከባለቤቱ ጋር በጭነት መኪና ሄደ፤ አዲሱ ክፍል ያልበቃው በርካሽ ተሸጠ፤ የቀረው ማገዶ ሆነ። ስንት እንደ ነበረና ማን እንደ ሠራው የጻፈ ግን የለም። ለትልቁ ሕንጻ ንድፍ፣ ፎቶግራፍና መዝገብ ነበረው፤ ለትንሹ ቤት ይህ ሁሉ ስላልነበረው መልሶ መሥራት ቀርቶ መልኩን ማስታወስ እንኳ ከሰው ዕድሜ አያልፍም።

በየመሥሪያ ቤታችንም ይኸው ይደገማል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ሲያረጅ በጨረታ ይወገዳል። አሠራሩ በጎ ነው፤ የመንግሥት ንብረት እንዳይጠፋ ጠብቋል። ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ያገለገለ የዝግባ ጠረጴዛ በመዝገቡ ላይ «ጠረጴዛ፣ አሮጌ፣ ብዛት 1» ተብሎ ብቻ ይታያል። ይህን ጠረጴዛ የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ ኀላፊ ይልቅ ዋጋውን ያውቃል፤ በጥቂት ብር ገዝቶ፣ ፍቆና ቫርኒሽ ቀብቶ በብዙ ብር ይሸጠዋል። በምትኩ የሚመጣው ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ ሲሆን፣ ውሃ ሲነካው አብጦ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። ይህ ቍጠባ ይባል እንደ ሆነ ለሒሳብ ክፍል ባልደረቦቻችን እንተወዋለን።

ነገ ቢሮ የሚገባ ሠራተኛ ፈቃዱ ከሆነ ወንበሩን ገልብጦ ይይ። ከሥሩ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቍጥር ያገኛል፤ ቍጥሩ የየትኛው መሥሪያ ቤት ንብረት እንደ ሆነ ይነግረዋል፤ ስለ ሠሪው፣ ስለ እንጨቱና ስለ ተሠራበት ዓመት ግን አንዳች አይናገርም። ዕቃውን የሚያውቁ ጡረተኛ ንብረት ክፍሎችና ሽማግሌ አናጢዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ቢጠየቁ ከየት አውደ ጥናት እንደ ወጣ፣ እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ቀረሮ ይነግሩናል። ለመጻፊያውም አዲስ ቅጽ ማሳተም አያስፈልግም፤ በንብረት መዝገባችን መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለ፤ እስከ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።